ለአንድ ሰው ድምፅ የተመረጠው የመምህር ሙላት ጊታር

ውድ ሐዘንተኞች፣ የቅሬ ዕድራችን አባላት፣ ከሮቢትና ከጎብዬ መንገድ ሳይበዛባችሁ የደረሳችሁልን ወዳጆች፤ በቀብር ላይ የሚነበብ ዜና ሕይወት ሟችን ሲያመሰግን እንጂ ሲያማ ተሰምቶ አያውቅም፤ ሙት ወቃሽም ያሰኛል። ይሁን እንጂ መምህር ሙላት ካሳ ከማረፋቸው ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ «ቀናተኛ እንደነበርኩ ሳይነበብ አፈር እንዳታለብሱኝ» ብለው ቃል ስላስገቡን፣ እኛ ቤተሰቦቻቸው ቃላቸውን ከማፍረስ ወቀሳውን መርጠናል።

መምህር ሙላት ከአባታቸው ከአቶ ካሳ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዝማም አሊ በ1951 ዓ.ም. በሮቢት ተወለዱ። ፊደል ከቄስ ትምህርት ቤት ቆጥረው ቆቦ ገብተው ሲማሩ፣ ዛሬ ከቅሬው ሰዎች ጋር አብረው ከቆሙት ከአቶ ጀሚል ሰይድ ጋር በአንድ ዴስክ ተቀመጡ፤ ነገሩም የተጀመረው እዚያ ነው። አምስተኛ ክፍል ሳሉ በወላጆች በዓል ላይ መምህር ሙላት ሁለት ሳምንት የሸመደዱትን ግጥም አሰምተው ገና ሳይቀመጡ፣ አቶ ጀሚል የአባታቸውን ክራር ይዘው ወጡና አንቺሆዬን ቢመቱት ግጥሙን ያስታወሰ ሰው ጠፋ። የአቶ ጀሚል አባት ክራር ሲቃኙ አንዷን ክር ከሌላው ክራር መቺ ሁሉ ጥቂት ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ ልጃቸውም ይህን ወርሰው እስከ ዛሬ አልተዉትም፤ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ጀሚል መሆናቸውን የሚለየው በዚያች ክር ነው።

መምህር ሙላት በደሴ የመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በጎብዬና በቆቦ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሒሳብ አስተማሩ፤ ከዚህ ከቆሙት መካከል የማባዣ ሰንጠረዥ በእርሳቸው ኩርኩም ያልያዘ ጥቂት ነው። ጊታርም በራሳቸው ጥረት ተምረው በየሠርጉ ይጫወቱ ነበር፤ ነገር ግን የሚጠሩት አቶ ጀሚል በሌላ ሠርግ ሲያዙ ብቻ መሆኑን ያውቁ ስለነበር፣ እየተጫወቱም አንጀታቸው ያርር ነበር።

በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ ወለላ ጋር ትዳር መሠረቱ። በሠርጋቸው ዕለት አቶ ጀሚል አንቺሆዬን ሲጀምሩ ድንኳኑ ተናወጠ፤ ሙሽራዪቱም ከመቀመጫቸው ተነስተው በአቶ ጀሚል ግንባር ላይ ብር ለጠፉ። ወይዘሮ ወለላ ያደረጉትን በማግስቱ ረሱት፤ መምህር ሙላት ግን ሦስት ልጆች ወልደው፣ ጎጆ አውጥተውና ራሳቸው ሸብቶ እንኳ አልረሱትም፤ ባልና ሚስት በተኳረፉ ቁጥር ያች ብር ከየት መጣች ሳትባል ትነሳ ነበር።

በዚህ ሁሉ ዘመን መምህር ሙላት፣ አቶ ጀሚል የሌላቸውን አንድ ነገር ለማግኘት ሲመኙ ኖረው፣ ደሴ ሳሉ በሬዲዮ ሰምተውት ከጆሯቸው ያልወጣውን ፔዳል ስቲል ጊታር የሚሸጥ ሰው አዲስ አበባ መኖሩን በ2008 ዓ.ም. ሰሙ። ይህ ጊታር በጭን የሚታቀፍ ሳይሆን እንደ ጠረጴዛ በእግሮቹ የሚቆም፣ አንድ ብረት በክሮቹ ላይ እየተንሸራተተ፣ በእግር የሚረገጡት ፔዳሎችም ክሮቹን እየሳቡና እያላሉ እንደ ሰው ጉሮሮ የሚያስለቅሱት ዕቃ ነው። ወይዘሮ ወለላ ለፋሲካ ገበያ ያደለቧቸው ሁለት በሬዎች ያለ ፋሲካቸው ተሸጡና መምህር ሙላት መንገድ ገቡ።

ሻጩ፣ አቶ ፍሬሰላም የሚባሉ የሙዚቃ ዕቃ ጠጋኝ፣ ሁለት ጊታሮች አቀረቡላቸው። አንደኛው የሚያብረቀርቅ፣ ተጫዋች ሁሉ የለመደው ቅኝት ያለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ቀለሙ የተላጠ፣ ቅኝቱም እንግዳ የሆነ፣ ሻጩ ራሳቸው «ይህን የሚጫወት ሰው አላውቅም» ብለው እውነቱን የነገሩለት ነበር። መምህር ሙላትም ማንም የማያውቀውን ማንም አይቀዳውም፣ ጀሚልም አይደርስበትም ብለው አሰቡና የተላጠውን መረጡ። አንቺሆዬን በልኩ ይሰጥ እንደሆነ ለመፈተን ግን መለኪያ ስላስፈለጋቸው፣ በአንድ የሮቢት ሠርግ ላይ ከድንኳን ጀርባ ተደብቀው በስልካቸው የቀዱትን የአቶ ጀሚልን ክራር አሰሙ፤ አቶ ፍሬሰላምም ሁለት ቀን ሙሉ ጎንበስ ብለው የፔዳሎቹን ብሎኖች በዚያ ድምፅ ልክ አስተካከሉ። ሊበልጡት የተነሱትን ሰው መለኪያ ማድረጋቸው በዚያን ጊዜ አልታያቸውም።

ዕቃው በባጃጅ ቆቦ ሲገባ፣ ፔዳሎቹን ያዩ ጎረቤቶች የልብስ ስፌት መኪና የተገዛ መስሏቸው ለወይዘሮ ወለላ እንኳን ደስ አለሽ አሉ። የመምህር ሙላት ስህተት ግን የታወቀው በመጀመሪያው ሠርግ ላይ ነው። ያች ዝቅ ያለች የአቶ ጀሚል ክር ከነድምፅዋ በፔዳሉ ውስጥ ገብታ ኖሮ፣ ጊታሩ ከኪቦርዱም ከሌላው ክራርም ከዘፋኙም ጋር አልስማማ አለ፤ በመጨረሻም አንድ ሽማግሌ ከጥግ ሆነው፣ «ይኼማ የጀሚል አንቺሆዬ ነው፤ እሱን ጥሩለት» አሉ። ከዚያ ወዲያ ጊታሩ ከቤት አልወጣም። ብሎኖቹን የሚፈታ ሰው በአካባቢው አልነበረም፤ አዲስ አበባ ተመልሶ ስህተትን መናገርም፣ አቶ ጀሚልን አብረን እንጫወት ብሎ መለመንም ለመምህር ሙላት ከሞት በላይ ነበር። ሰባት ዓመት በራቸውን ዘግተው ብቻቸውን ተጫወቱ፤ አቶ ጀሚል በደጃፉ ሲያልፉ እርምጃቸውን ያዘገዩ ነበር፣ መምህር ሙላትም ይህን በመስኮት ሲያዩ ወዲያው ያቆሙ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲደርስ ቤተሰቡ ወደ ደሴ ሲሸሽ ጊታሩ እዚሁ ቀረ። ሲመለሱ ቤታቸው ባዶ ሆኖ ቢያገኙትም፣ አቶ ጀሚል ጊታሩን በሸራ ጠቅልለው ማሽላ በሚያኖሩበት ጉድጓድ ቀብረው አቆይተውት ነበርና አወጡላቸው። መምህር ሙላት በሰው ፊት አመስግነው ቤት ሲገቡ፣ «አሁን ደግሞ ባለውለታዬ ሆነ» ብለው ምሳ አልበላም አሉ።

በ2015 ዓ.ም. ስኳር በሽታው እግራቸውን አደንዝዞ ፔዳሉን መርገጥ አቃታቸው። ሊጠይቁ ከመጡት መካከል አቶ ጀሚል ጊታሩ አቧራ ለብሶ ቢያዩት፣ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ፔዳሎቹን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ «አብሽር ሙላቴ፣ አንተ እጅህን አዝዘው፤ እግሩን እኔ እሆንልሃለሁ» አሉ። ፔዳሉን በእጃቸው እየተጫኑ አንቺሆዬን ሲያንጎራጉሩ፣ ያች ክር ጊታሩ ከተገዛ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታዋን አገኘች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ አቶ ጀሚል የከሰዓት በኋላውን የአስር ሶላት ሰግደው መምጣት አላቋረጡም። መምህር ሙላትም አንድ ቀን ቅናታቸውን ሁሉ ተናዘዙ፤ በሮቢቱ ሠርግ ተደብቀው መቅዳታቸውንም አልደበቁም። አቶ ጀሚልም፣ «አይቼህ ነበርኮ፤ ጥርት ብሎ እንዲገባልህ ወደ አንተ ዞሬ ነው የመታሁት» ቢሏቸው፣ መምህር ሙላት ረጅም ሰዓት ካለቀሱ በኋላ፣ «በበጎነትም ቀደምከኝ» ብለው እንደገና ቀኑ።

መምህር ሙላት ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው አረፉ። ጊታሩን ለአቶ ጀሚል ተናዝዘዋል፤ ከኋላቸው የቀሩት ሲዘረዘሩም እርሳቸው ባዘዙት ቅደም ተከተል እንዲነበብ አደራ ብለዋልና፣ አስቀድሞ አቶ ጀሚል ሰይድን፣ ቀጥሎም ባለቤታቸውን ወይዘሮ ወለላን፣ ልጆቻቸውን ኤሌኒን፣ ተዋቸውንና ፍሬዓለምን፣ እንዲሁም አራት የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል። ወይዘሮ ወለላ ይህ ዝርዝር ትናንት ሲነበብላቸው፣ «ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ጀሚል ትናንት የት ተጠርቶ እንደዋለ ነበር፤ እኔን አንድ ቀን እንዲያ አስቦኝ ያውቃል?» አሉን።

እግዚአብሔር የመምህር ሙላትን ነፍስ ማንም ማንንም በማይቀድምበት ሥፍራ ያሳርፍልን፤ ለአቶ ጀሚል ዕድሜ ይስጥልን፤ ወይዘሮ ወለላን ያጽናናልን፣ ቅናታቸውንም ያብርድላቸው። አሜን።