የባዘዘው እግርና የደምለው ታንኳ

ጣና ዳር፣ በሩ ወደ ሐይቁ በሚያይ ቤት፣ በታኅሣሥ ጠዋት፤ ዓሣ አጥማጁ ባዘዘው እግሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መደብ ላይ ተቀምጧል፤ ሚስቱ እንጉዳይ የሞቀ ውኃ በሳፋ ይዛ ፊቱ ቆማለች።

እንጉዳይ፦ እግርህን አውጣ አልኩህ!

ባዘዘው፦ አላወጣም አልኩሽ!

እንጉዳይ፦ ከትናንት ጀምረህ እንደ አራስ ተጠቅልለህ ተቀምጠሃል። ጉማሬዋ የገለበጠችው ታንኳውን ነው ወይስ ጭንቅላትህን?

ባዘዘው፦ በርዶኛል በቃ። ሐይቅ ውስጥ ገብቶ የወጣ ሰው አይበርደውም?

እንጉዳይ፦ እኔስ ምን አልኩ? በሙቅ ውኃ ላጥብልህና ቅቤ ልቀባህ ነው።

ባዘዘው፦ ሙቅ ውኃ አይሆንም! የበረደው እግር ባንዴ ሙቀት ካገኘ ይጎዳል። ቀስ እያለ ነው የሚሞቀው።

እንጉዳይ፦ ዛሬ ደግሞ የእግር ሐኪም ሆንክልኝ? ወንድሜ በካልሲው ላይ ፌስታል አጥልቆ ታንኳ ላይ ሲወጣ «ሙሽራው መጣላችሁ» እያልክ አገር ስታስቅበት የነበርከው ማን ነው? ይኸው አሁን ልጆቹ ሳይቀሩ ሙሽራው ነው የሚሉት።

ባዘዘው፦ ደምለውን አሁን ምን አመጣው?

እንጉዳይ፦ ታንኳው የሱ ነዋ! ገና ራሱ እንኳን በወጉ ያልተቀመጠበትን አዲስ የደንገል ታንኳ ላንተ አውሶ ነው ይሄ ሁሉ የመጣው። ያም ሆኖ ስለ ታንኳው አንድ ቃል አልወጣውም። «ዋናው እሱ መትረፉ ነው» ነው ያለኝ።

ባዘዘው፦ እንደሱ አለ?

እንጉዳይ፦ አዎ። አሁን ዳር ላይ ከጓደኞቹ ጋር ጦሩን እያሾለ ነው።

ባዘዘው፦ የምን ጦር?

እንጉዳይ፦ ጉማሬዋን ሊወጋ ነዋ። «እህቴን ያለ ባል ልታስቀር የነበረች አውሬ እዚህ ሐይቅ ላይ አትውልም» ብሎ ምሏል።

ባዘዘው፦ የት ሊያገኛት? ጣና እኮ የጓሮ ኩሬ አይደለም።

እንጉዳይ፦ አንተው አይደለህ ደንገሉ ጥግ ናት፣ ግልገል አላት ያልከው? ትናንት ሊጠይቅህ ለመጣው ሰው ሁሉ ስታወራ እኔም ሰምቼሃለሁ። መጀመሪያ ገፋችኝ አልክ። ቀጥለህ ታንኳውን በጥርሷ ያዘችው አልክ። ቄሱ ሲመጡማ አየር ላይ ወርውራህ ነበር።

ባዘዘው፦ ሰው ሲጠይቅ ምን ላድርግ...

እንጉዳይ፦ ምን አልክ?

ባዘዘው፦ እንዳይሄድ በይው! ግልገል ያላት ጉማሬ እኮ ሰው አታስጠጋም። ታንኳን ከነሰዉ ነው የምትበጥሰው።

እንጉዳይ፦ ለምኜዋለሁ። «አንቺ ሴት ስለሆንሽ ትፈሪያለሽ» ብሎ አባረረኝ። በል አሁን እግርህን አምጣ።

ባዘዘው፦ ተይኝ! ኧረ ቀስ! እንጉዳይ!

እንጉዳይ፦ በስመ አብ! ይሄ ምንድን ነው?

ባዘዘው፦ ደንገል ቆርጦኝ ነው።

እንጉዳይ፦ ውኃ ቋጥሯል እኮ! ሥጋው ተልጧል! ባዘዘው፣ ይሄ ቃጠሎ ነው። እኔ ምጣድ ሲያቃጥለኝ የኖርኩ ሴትዮ ቃጠሎ ይጠፋኛል?

ባዘዘው፦ ብርድም እንዲህ ያደርጋል ይባላል።

እንጉዳይ፦ ጉማሬዋ እሳት ትተፋለች በለኛ!

ባዘዘው፦ እግሬን ሸፍኚልኝ።

እንጉዳይ፦ አንተ! የሸክላ ምድጃዬ የት ነው ያለችው?

ባዘዘው፦ ድምፅሽን ቀንሺ።

እንጉዳይ፦ ትናንት ቤቱን ሳተራምስ አይተኸኝ የለ? ጎረቤታችን ጥሩሰው ናት የወሰደችው ብዬ ወፍጮ ቤት ድረስ ሄጄ፣ በሰው ፊት ሌባ ብዬ ሰድቤያት መጣሁ። መጥቼም ነግሬሃለሁ። አንተ እዚችው መደብ ላይ ተቀምጠህ «ተያት፣ ትመልሰው ይሆናል» ነበር ያልከኝ!

ባዘዘው፦ ምን ልበልሽ? አፌን ያዘኝ።

እንጉዳይ፦ ታንኳ ላይ እሳት ጫንክ? ደንገል ላይ? እኔ ደንገል የማነድደው እሳት እንቢ ሲለኝ ለማያያዝ ነው እኮ!

ባዘዘው፦ ትንሽ ፍም ነበረች። ብርዱን አታውቂውም አንቺ። ውኃው በደንገሉ መሐል ሰርጎ ይመጣል፤ እግርሽን የምታነሺበት ቦታ የለም። መጀመሪያ ያምሻል። ቀጥሎ ይደነዝዝሻል። ከዚያ ወዲያ ያንቺ እግር ይሁን የሰው እግር አታውቂውም። ዘንድሮ ደግሞ ባሰብኝ። ከመረቡ ዓሣ ሳላወጣ ተመልሼ የመጣሁባቸው ቀኖች እግሬን አቅቶኝ ነው።

እንጉዳይ፦ ለኔ ግን ዓሣ ጠፋ ነበር የምትለኝ።

ባዘዘው፦ አዎ።

እንጉዳይ፦ ታዲያ እንደ ደምለው የሱፍ ካልሲና ፌስታል ብታደርግ ምን ነበረበት?

ባዘዘው፦ ሙሽራው ብዬ ስም ካወጣሁለት በኋላ?

እንጉዳይ፦ እሱ ሙሽራ ከሆነ አንተ ሚዜ ትሆን ነበራ! ምን ቸገረህ?

ባዘዘው፦ ቀልዱን ተይኝ። ምድጃዋን በእግሬ መሐል አድርጌ ጋቢዬን ለበስኩባት። ከሩቅ ለሚያየኝ ዝም ብዬ የተቀመጥኩ ነው የምመስለው። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያማ ገነት ነበር።

እንጉዳይ፦ ከዚያስ?

ባዘዘው፦ መረቡ ከበደኝ። ትልቅ አምባዛ ያዝኩ ብዬ ብድግ ስል ታንኳው አዘነበለ፤ ምድጃዋ ተደፋች። አዲስ ታንኳ ደግሞ ታቹ ቢርስም ላዩ ደረቅ ነው። ሲያያዝ የዓይን ጥቅሻ ያህል አይፈጅም።

እንጉዳይ፦ ውኃ መሐል ተቀምጠህ እሳት ማጥፋት አቃተህ?

ባዘዘው፦ በእግሬ እየረገጥኩ ሳጠፋ ነበር። ደንዝዞ ስለነበር አላመመኝም። እግሬም አብሮ እየነደደ መሆኑን ያወቅኩት ሲሸተኝ ነው። ዘልዬ ገባሁ። ዋኝቼ ዞር ስል ታንኳው ውኃው አፍ ድረስ ነድዷል። ጭሱን ከጠዋቱ ጉም የለየው ሰው የለም።

እንጉዳይ፦ አምባዛውስ?

ባዘዘው፦ የሰመጠ ግንድ ነበር።

እንጉዳይ፦ እኔን በቁሜ ይግደለኝ! ልሳቅ ወይስ ልጩህ?

ባዘዘው፦ ዳር ስወጣ ደምለው ሮጦ መጥቶ አቀፈኝ። «ጉማሬዋ ናት አይደል?» አለኝ። እኔ አላልኩም፣ እሱ ነው ያለው። አዎ ብቻ ነው ያልኩት።

እንጉዳይ፦ በል አሁን ንገረው።

ባዘዘው፦ አንቺ ንገሪልኝ።

እንጉዳይ፦ እኔ ጥሩሰው እግር ላይ የምወድቅበት ሥራ አለብኝ። ደግሞስ እኔ ብናገር ያምነኛል? ላስቀረው የፈጠርኩት ነው የሚመስለው። አንተው ነህ ጉማሬ ያልከው፣ አንተው አይደለችም በለው።

ባዘዘው፦ እየውልሽ፣ ጉማሬዋ ወደ ማዶ ሄዳለች ልበለው? ሕልም አየሁ፣ እንዳትሄድ ብላለች እመቤቴ ልበለው?

እንጉዳይ፦ እመቤታችንን ተዋት! አንዱ ውሸት ያልበቃህ ሌላ ትጨምራለህ?

ባዘዘው፦ አፍሬ ነው እንጉዳይ! ቁስሉ መሰለሽ እንቅልፍ የነሳኝ? ያን የሚያህል ታንኳ ማቃጠሌ እንኳን አይደለም። ጉማሬ ቢገለብጠኝ ወግ ነው፤ ማዕበል ቢያሰምጠኝ ሰው ያለቅስልኛል። እኔ ግን እግሬን ስሞቅ ነው! በዚያ ሁሉ ሰው ስስቅ ኖሬ! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።

እንጉዳይ፦ ገብቶኛል። እኔም ጥሩሰውን ሳስባት ፊቴ ይነድዳል። ግን ወንድሜ ከሚሞት አንተ እፈር።

ባዘዘው፦ ከንፈሩን ነክሶ ያየኛል።

እንጉዳይ፦ ይይህ።

ባዘዘው፦ እሺ። እሺ እነግረዋለሁ። ወደዚህ ጥሪልኝ፤ በሩን ዘግተን በጆሮው ብቻ እነግረዋለሁ። ሌላ ሰው አይስማ።

እንጉዳይ፦ ተመስገን! ቆይ ልጥራው... ወየው! ወየው ባዘዘው!

ባዘዘው፦ ምንድን ነው?

እንጉዳይ፦ ሄደዋል! ታንኳ ላይ ወጥተዋል! ደምለው ፊት ቆሟል፣ ጦሩን ይዞ!

ባዘዘው፦ ጥሪው!

እንጉዳይ፦ ደምለው! ኧረ ደምለው! ተመለስ! ... እጁን እያወዛወዘ ሂጂ ይለኛል። አልነገርኩህም? እኔን አይሰማም።

ባዘዘው፦ ርቀዋል?

እንጉዳይ፦ ገና ድምፅ ይደርሳል። አንተ ና! ተነሥ!

ባዘዘው፦ ዳር ላይ ማን አለ?

እንጉዳይ፦ ማን የሌለ አለ! ገበያተኛው ጀልባ እየጠበቀ ነው። ዓሣ ገዢዎቹ አሉ፣ ቄሱ አሉ። ጥሩሰውም ቅርጫቷን ይዛ ቆማለች።

ባዘዘው፦ ሁሉም ይሰማላ!

እንጉዳይ፦ ውኃ ላይ የሚጮህ ነገር ለማን ይደበቃል? ቅድም እግርህን አውጣ ስልህ ብትናገር በጆሮው ይበቃ ነበር። ከኔ ጋር ስትከራከር ነው ጆሮው የራቀብህ።

ባዘዘው፦ ትከሻሽን ስጪኝ። ወይኔ እግሬን! ቀስ... ደምለው! ኧረ ደምለው! ተመለስ!

እንጉዳይ፦ አይቶሃል! ቆመ!

ባዘዘው፦ ምን ይላል?

እንጉዳይ፦ ጦሩን ከፍ አደረገልህ። «አይዞህ ባዘዘው! ደምህን እመልሳለሁ!» ነው የሚለው። ሰዉም እያጨበጨበ ነው።

ባዘዘው፦ አይዞህ አለኝ?

እንጉዳይ፦ አዎ። ጉማሬዋ ብቅ አለች! እየው፣ ከነግልገሏ! ወደሷ እየቀዘፉ ነው! ባዘዘው፣ በማርያም!

ባዘዘው፦ ደምለው! ጦሩን ጣለው! ጉማሬዋ አልነካችኝም! እሳት ጭኜ ታንኳህን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ! ደምለው፣ ትሰማኛለህ? እግሬን በርዶኝ ነው! እግሬን በርዶኝ!