ከደጃፍ እስከ እንግዶች በር

ከዊልፍሬድ ግሪምሾ ደጃፍ እስከ ማርስዊክ ስታዲየም የእንግዳ ደጋፊዎች በር ድረስ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ራሱ ቆጥሮታል። ሰባ አራት ዓመት የሞላው፣ ያውም ሚስቱ ሞሪን የሞተችበት ሰው፣ እርምጃ ቢቆጥር አይፈረድበትም። በዚያ ቅዳሜ ማለዳ ግን የተቀናቃኙን ክለብ የካልደርተንን ሰማያዊ የአንገት ልብስ ከካፖርቱ ስር ደብቆ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዞ በሩን ቆለፈና ለስታዲየሙ ጀርባውን ሰጥቶ መንገድ ጀመረ። የሚሄደው የማርስዊክንና የካልደርተንን ጨዋታ ሊያይ ነበር።

አውቶብስ መጠበቂያው ጋ አኒሳ ቻውድሪን አገኛት። የጎረቤቱ የባለታክሲው ልጅ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሕግ ታጠናለች። ትምህርቷ ጥሩ ነገር ሆኖ ሳለ ሰውን ሁሉ እንደ ምስክር የመጠየቅ አመል አስይዟታል። በእነሱ ቤት ልማድ በዕድሜ የገፋ ጎረቤት ሁሉ አጎት ነው።

«እንደምን አደሩ አጎቴ? ዛሬ ደርቢ አይደለም እንዴ? የት ሊሄዱ ነው?»

«ደህና አደርሽ ልጄ። ወደ ደርቢው ነዋ።»

አኒሳ ዞር ብላ ከጣሪያዎቹ በላይ የሚታየውን የስታዲየም መብራት አየች፤ መልሳ እሱን አየች። «በዚህ በኩል?»

«በዚህ በኩል። ካልደርተን ሄጄ የደጋፊ አውቶብስ ላይ እሳፈራለሁ። እዚያው መኪናው ውስጥ ይህችን የክፍያ ወረቀት ተቀብለው ትኬት ይሰጡኛል። ከዚያ ፖሊስ ከፊትና ከኋላ አጅቦን እንመጣለን።»

«የት ትመጣላችሁ?»

«እዚህ። የእንግዶቹ በር ላይ ያወርዱናል።»

«ጨዋታው ሲያልቅስ?»

«አርባ ደቂቃ ያቆዩንና ካልደርተን ይመልሱናል። እኔ ደግሞ ከዚያ በከተማ አውቶብስ ወደ ቤቴ።»

ልጅቱ ሳቀች። እሱ እንዳልሳቀ ስታይ አቆመች። «አጎቴ፣ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ሄደው፣ ሃያ አምስት ተመልሰው፣ ከቤትዎ ፊት ለፊት ሊወርዱ? በእግርዎ ገብተው ቢቀመጡስ?»

«አይቻልም። በዚያ አውቶብስ ያልመጣ እንግዳ አይገባም። ደንብ ነው።»

«ለምን እንደዚያ እንደሆነ ያውቃሉ?»

ዊልፍሬድ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ይመስለው ነበር። ሰው አንዳንዴ በየቀኑ የሚያልፍበትን መንገድ ስም ሲጠይቁት እንዲህ ይሆናል፤ እሱም ግራ ገባውና ወደ ቁጣ ዞረ።

«አንቺ ያኔ የት ነበርሽና ታውቂያለሽ? እኛ ምን እንደነበርን አላየሽም። ከዚህ ሦስተኛው ቤት፣ ፀጉር ቤቱ፣ ድሮ ዳቦ ቤት ነበር። መስተዋቱን በጡብ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው እጁ ደማ። እንደ ከብት የሚነዱን እንደ ከብት ስለሆንን ነው። ያመጣነውን እየተቀበልን ነው፣ በቃ።»

«ተከሰው ነበር?»

«ተከስሼ ተቀጣሁ። ሁለት ወር።»

«እንግዲያው ቅጣቱ በሁለት ወር አልቋል። እርስዎ ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላም ለአንድ መስተዋት እየከፈሉ ነው። ያልሰበሩትም አብረውዎት እየከፈሉ ነው። በሕግ ሰው የሚቀጣው በሠራው ነው እንጂ በለበሰው ቀለም አይደለም።»

ሽማግሌው ከጉሮሮው ድምፅ አሰማ። ቀለሙ አንገቱ ላይ እየሞቀው ነበር። ነገሯ ትክክል መሆኑ ሳይሆን ጥሬ ልጅ የተናገረችው መሆኑ አናደደው።

«አንቺ ደግሞ የማርስዊክ ደጋፊ ነሽ። ለጠላትሽ ጠበቃ መቆም ምን አመጣው?»

«ነገ ተራው የኛ ነዋ። እኛ ካልደርተን ስንሄድም በዚሁ አውቶብስ ነው። አባቴ ታክሲ ነጂ ሆኖ፣ የራሱ መኪና እያለው፣ ታስሮ መሄድ አልፈልግም ብሎ ከቀረ ሁለት ዓመቱ። በዚያ ላይ ወጪው አለ። በስታዲየሙ ቅጥር ውስጥ ለሚቆመው ፖሊስ ክለቡ ይከፍላል፤ ክለቡ ደግሞ ትኬት ላይ ይጨምራል። ከቅጥሩ ውጭ ላለው ግብር ከፋዩ ነው። እርስዎ ትኬትም ይገዛሉ፣ ግብርም ይከፍላሉ። ለሚነዳዎት ሰው ሁለቴ ከፈሉ ማለት ነው።»

«ፖሊስ ባይኖርስ? ሳንቲም ተወርውሮበት ዓይኑ የጠፋ ሰው አይቼ አውቃለሁ፣ ልጄ። እሱን በመጽሐፍ አታገኚውም።»

«አይኑር ማን አለ? ሁለት መቶ ሰባ ፖሊስ እዚህ አጥር ላይ ተደርድሮ፣ ባለፈው ደርቢ ቀን አባቴን ከከተማው ወዲያ ጫፍ ሲዘርፉት አንድ ፖሊስ ለማግኘት እስከ ማታ ጠበቀ። እኔ የምለው፣ የሚያስፈልገው ቦታ ይኑር ነው።»

ዊልፍሬድ የቻውድሪን መዘረፍ አልሰማም ነበር። አዘነ፤ ማዘኑንም ሊደብቅ አልቻለም። ቢሆንም የቆየ ሰው በቀላሉ አይረታም፤ ወደ ተረት ተጠጋ።

«ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባልስ እርስዎ አልሰሙም? ቆይ፣ የማሳይዎት ነገር አለ።» ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «ይህ ጨዋታ ‹ከፍተኛ ስጋት› ተብሎ አውቶብሱ ግዴታ የሆነው ለምን እንደሆነ ለፖሊስ ጽፌ ጠይቄ ነበር። መልሱ ትናንት ደረሰኝ። ይስሙኝ። ‹የዛሬ ሁለት ዓመት፣ መጋቢት ሁለት፣ ጨዋታው ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው የካልደርተንን ቀለም የለበሱ ዘጠኝ ወንዶች በአልማ ጎዳና፣ በማርስዊክ ደጋፊዎች ሰፈር መሃል ተሰብስበው ታዩ። የፖሊስ የቅኝት መኪና ሁለት ጊዜ ሲያልፍ አልተበተኑም። አንዳንዶቹ በከፍተኛ ስሜት ውስጥ ነበሩ።› ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለም። እኔና እናቴ ያኔ ፓኪስታን፣ ላሆር ነበርን፤ በዚህ በኛው ጎዳና እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አልሰማሁም። እርስዎ ያዩት ነገር አለ?»

ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብሎ ከዓይኑ አራቀው፣ አቀረበው።

«መጋቢት ሁለት» አለ። «ስንት ሰው አለ?»

«ዘጠኝ።»

«እኔ፣ ሁለቱ ወንድሞቼ፣ ከሠራሁበት ጋራዥ አራት፣ የሞሪን ወንድም፣ የእሱ ልጅ። ዘጠኝ።» ወረቀቱን ዝቅ አደረገው። «ሞሪንን ቀብረን መመለሳችን ነበር።»

አኒሳ አፏን በእጇ ያዘች።

«በማለዳ ነበር የተቀበረችው። ከዚያ በሬ ላይ ቆምን። ጨዋታ አለ፤ እንሂድ ወይስ አንሂድ እያልን ግራ ገባን። አንዱ ሞሪን ብትኖር ሂዱ ትል ነበር ይላል፣ አንዱ ነውር ነው ይላል። የአንገት ልብሱን ያደረጉት ለእሷ ነው፤ እሷ ናት የሠራችላቸው፣ ለሁሉም። የፖሊሷ መኪና ስታልፍ አይቻታለሁ። እጄንም አውለበለብኩላቸው።»

«ሄዳችሁ?»

«አልሄድንም። ሻይ ጠጥተን ተለያየን።»

በዚህ መሃል የካልደርተን አውቶብስ መጣ። ሾፌሩ በሩን ከፈተ፤ ሁለቱን አየ፤ የሚሳፈር እንደሌለ ሲገባው ዘጋና ሄደ። የሚቀጥለው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የደጋፊው አውቶብስ ተነስቷል። ዊልፍሬድ ደርቢው እንዳመለጠው ያወቀው አውቶብሱ ጥግ ታጥፎ ከጠፋ በኋላ ነው። ቢሆንም የተቃጠለው በዚያ አልነበረም። ለሁለት ዓመት የራሱን ለቅሶ ቅጣት ሲቀበል፣ ያውም ይገባኛል እያለ ሲቀበል ኖሯል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው፤ እሱ ደግሞ ዳውላው ሆኖ ሳለ ከመቺው ጋር ተስማምቶ ነበር።

«ሐሙስ የጨዋታ ደህንነት ኮሚቴ ይሰበሰባል» አለች አኒሳ ቀስ ብላ። ከጠበቃነቷ ወርዳ የጎረቤት ልጅ ሆናለች። «እኔ ሄጄ ይህን ባነብ ተማሪ ናት ይሉኛል። እርስዎ ቢናገሩ ግን...»

«ከፖሊስ ጋር አንነጋገርም እኮ እኛ። አባቴም አልተነጋገረም።»

«ባለመነጋገር ምን ተገኘ፣ አጎቴ?»

ሽማግሌው ወረቀቱን መለሰላትና ወደ ቤቱ ሄደ። ሐሙስ ግን ካፖርቱን ለብሶ፣ ያንኑ የላስቲክ ጥቅል በብብቱ ይዞ፣ በሯን አንኳኳ።

ስብሰባው የማዘጋጃ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ከፖሊስ ኢንስፔክተር ሃሎውስ የሚባሉ ጎልማሳ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ አንዲት ሴት፣ ከክለቡ አንድ ሥራ አስኪያጅ ተቀምጠዋል። አኒሳ ያንን የፖሊስ መልስ አንብባ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና የአውቶብሱን ደንብ ማን እንዳወጣው ጠየቀች። ሴትዮዋ ፖሊስ ጠይቆ ነው አሉ። ኢንስፔክተሩ ክለቡ ፈልጎ መስሏቸው እንደነበር ተናገሩ። የክለቡ ሰው ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ያለዚያ ፈቃድ አይሰጠንም ብለው ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። ሦስቱም ተያዩ። አንዱ ፋይል ያገላብጣል፣ አንዷ ስልክ ትነካካለች፤ ጌታው ማን እንደሆነ ያልታወቀ በሬ እርሻ መሃል የገባ ይመስል ነበር።

ዊልፍሬድ ሳይጠሩት ተነሳ። ዘጠኙን ሰዎች በስም ጠራ፤ የሞሪንን ቀብር ተናገረ። ከዚያ የላስቲኩን ጥቅል ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ንጹሕ፣ በደንብ የተተኮሰ ሱሪ ነበር።

«ባለፈው ደርቢ ከጨዋታው በኋላ ሃምሳ ደቂቃ ዘግታችሁ አቆያችሁን» አለ። «ሽንት ቤቱንም ዘግታችሁ ነበር። እኔ ሽንቴን መያዝ የማልችል ሰው ነኝ፤ ሐኪሜ ያውቃል። ለፖሊሱ ቤቴ ያ ነው፣ በሩ ይታያል፣ አልኩት። ወደ መስመርህ ተመለስ አለኝ። ሱሪዬ ላይ ሸናሁ። በዚያ ሱሪ ካልደርተን ሄጄ፣ በዚያው ሱሪ በከተማ አውቶብስ ተመለስኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ተነስታ ቦታ ቀየረች። ከዚያ ወዲህ መቀየሪያ ይዤ ነው የምወጣው። ጡብ የወረወርኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም፤ ግን ይሄ የዚያ ዋጋ ነው ብዬ ለራሴ ስነግረው የነበረው ውሸት ነው። አሁን አንዳችሁ ለምን እንደሆነ ንገሩኝና ቁጭ ልበል።»

አኒሳ ይህን ከእሱ ሰምታ አታውቅም ነበር። አንገቷን ደፍታ አለቀሰች፤ የክለቡ ሰው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሱሪ ላለማየት መስኮት መስኮቱን አዩ። ኢንስፔክተሩ ግን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡና ኮፍያቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«ሚስተር ግሪምሾ፣ ልነግርዎ አልችልም» አሉ። «እዚህ ከመጣሁ ዓመቴ ነው። ምክንያቱን የማውቅ መስሎኝ ነበር። አላውቅም። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

እልህና ዝምታ ሃምሳ ዓመት ያላመጡትን የአንድ ሰዓት ንግግር አመጣው። ለሚቀጥለው ደርቢ ሙከራ እንዲደረግ ተስማሙ፦ እንግዳው በፈለገው መንገድ ይምጣ፤ ሽንት ቤት ይከፈት፤ ማንም ከጨዋታ በኋላ አይታገት። ከሁለቱም ወገን አረንጓዴ ሰደርያ የለበሱ ደጋፊዎች በየጥጉ ቆመው ሰው ያስተናብሩ፤ ዘጠኝ ሰው አንድ ደጃፍ ላይ ቢታይም አንዱ ሄዶ ምን ሆናችሁ ብሎ ይጠይቅ። ጥፋት ያጠፋ እሱው በስሙ ይከሰስ። ዊልፍሬድ ከፖሊስ ጋር ተጨባበጠ። አባቱ ቢያየው ምን ይል ይሆን ብሎ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ ተወው።

ደርቢው በጥቅምት ደረሰ። ሁሉም ነገር ማርና ወተት ሆነ ብል እዋሻለሁ። አንድ ሰካራም የቆሻሻ በርሜል ገልብጦ በአረንጓዴ ለባሾቹ ተይዟል፤ ሁለት ሰዎች ተሰዳድበዋል። ነገር ግን ሁለት መቶ ሰባው ፖሊስ ዘጠና ሆነ፤ የቀረው የየሰፈሩን ሥራ ሲሠራ ዋለ። ክለቡ የሚከፍለው ስለቀነሰ ትኬቱ ሁለት ፓውንድ ወረደ። በደርቢ ቀን መስኮታቸውን በጣውላ ይዘጉ የነበሩ ሱቆች ከፍተው ሸጡ። ቻውድሪም ለካልደርተኑ የመልስ ጨዋታ ትኬት ይቆረጥልኝ አለ። መነጋገርን እንደ መሸነፍ ለሚቆጥር ሁሉ፣ ከሁለቱ ከተሞች ማንኛውም ነዋሪ ምን እንዳተረፈበት ሊነግረው ይችላል።

ዊልፍሬድ ባዶ እጁን ወጣ፤ የአንገት ልብሱንም ከካፖርቱ በላይ አደረገው። በስልሳ ዓመት ውስጥ ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሳይነፋ ተነስቶ አያውቅም። በሰባኛው ደቂቃ ማርስዊክ ሦስተኛውን ሲያገባ ግን ተነሳ። ከወንበሮቹ መካከል እየተሹለከለከ ወረደ። በሩ ላይ አንድ ወጣት ፖሊስ ብቻውን ቆሟል።

«ምነው አባት፣ በደህና?»

«ሦስት ለባዶ ነው እኮ ልጄ። ምን ልጠብቅ?»

ፖሊሱ ሳቀና በሩን ከፈተለት። «ደህና ይግቡ።»

ዊልፍሬድ ደጁ ላይ ትንሽ ቆመ። ሌላ የሚጠየቀው ነገር ያለ መስሎት ነበር። አልነበረም።