ደረት ላይ የምትቀመጠው ሴት

ከቪስ ደሴት ወደ ስፕሊት ከተማ በሚሄደው መርከብ ላይ ጋሽ ሉክሻን ያገኘኋቸው በአጋጣሚ ነው። ሰርዲን ሲያጠምዱ የሰነበቱ ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ ዓይናቸው ደም ለብሷል። እኔ የዚያው ደሴት ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ ስፕሊት ሆስፒታል ውስጥ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው አንጎል ምን እንደሚሠራ በመሣሪያ መከታተል ነው።

ልጃቸው ቪትስኮ ቶንካን ሊያገባ መሆኑን ሰምቼ ስለነበር፣ "ለሠርጉ ዕቃ ሊገዙ ነው?" አልኋቸው።

"የምን ሠርግ! ላፈርሰው ነው የምሄደው። እሷ እቴ፣ ስፕሊት ተቀምጣ የሠርግ ቀሚስ ታሰፋለች! ወደብ ላይ ትጠብቀኛለች፤ እዚያው እነግራታለሁ።"

ደነገጥሁ። "ምን አጠፋች?"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ዱካክ ናት። ከባሕር ተመልሼ ጋደም ስል ደረቴ ላይ ትቀመጣለች። ዓይኔ ያያል፣ እጄ አይታዘዝም። ባለፈው ሳምንት በልቤ 'ነገ ነይ፣ ጨው እሰጥሻለሁ' አልኋት። በነጋታው በሬን ያንኳኳው ማን ይመስልሃል? ቶንካ! ያውም ጨው አበድሩኝ ብላ!"

እኛ ዘንድ ዱካክ ሌሊት ደረት ላይ የምትወጣ የሰፈር ሴት ናት ይባላል፤ ሽማግሌዎች የሚይዟትም እንዲህ ጨው እሰጥሻለሁ ብለው ነው። በማግስቱ ቀድማ ለብድር የመጣች ሴት አለቀላት።

"ጋሽ ሉክሻ፣ በሰርዲን ወቅት ሁሉም ዓሣውን በጨው ሲያሽ ጨው የማያልቅበት ቤት አለ እንዴ? እናቴም እኮ የዚያን ዕለት ከእርስዎ ወስዳለች።"

"እናትህ ከሰዓት ነው የመጣችው። ቀድማ ብትመጣ እሷን ነበር የምይዛት!"

ሳቄን ዋጥሁ፤ የአንዲት ልጅ ስም ሊጠፋ ነውና።

"እንቅልፍ እኮ አንድ ወጥ አይደለም" አልኋቸው። "መጀመሪያ ቀለል ያለ ነው፤ ቀጥሎ ይጠልቃል፣ ያን ጊዜ የአንጎል ሞገድ ዝግ ያለና ትልቅ ይሆናል። ከዚያ ሕልም የሚበዛበት ደረጃ ይመጣል። ዓይን ከተከደነ ቆቡ ሥር ይሯሯጣል፤ አንጎል የነቃ ሰው ያህል ይሠራል።"

"የነቃ ያህል? ታዲያ ምን ሊያርፍ ተኛ!"

"ሕልሙን በእጅ በእግራችን እንዳንሠራው ሰውነታችን ይታሰራል። አንዳንዴ ማሰሪያው ሳይፈታ እንነቃለን። ዓይን ክፍሉን ያያል፣ አንጎል ደግሞ ሕልሙን እላዩ ላይ ይጨምርበታል።"

"ይህን ሂድና ለዓሣው ንገረው" አሉና ወንበሩ ላይ በጀርባቸው ጋደም አሉ።

እንቅልፍ የጠማው ሰው አንዳንዴ ቶሎ ወደ ሕልም እንደሚገባ ስለማውቅ ትኩር ብዬ ተመለከትኋቸው። ብዙም ሳይቆይ ዓይናቸው ከቆቡ ሥር ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረ። ድንገት ተከፈተ። አንገታቸው አልዞረም፣ ጣታቸው አልተንቀሳቀሰም፤ ትንፋሻቸው ብቻ ፈጠነ። እጃቸውን ጨበጥ ሳደርግ ተስፈንጥረው ተነሡ።

"መጣች?" አልሁ።

ፊታቸው አመድ መስሏል። "መጣች።"

"ቶንካ?"

"ማርጊታ..."

ማርጊታ በሞት የተለዩዋቸው ባለቤታቸው ናቸው።

"እሳቸውም ዱካክ ነበሩ ማለት ነው?"

"አፍህን ዝጋ!" ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። "እሷን የመሰለች ሴት..." ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱና፣ "ደረቴ ላይ ለምትቀመጠው ፊት የምሰጣት እኔው ነኝ በለኛ" አሉ። "በስመ አብ! ልጅቱን በቁሟ ልቀብራት ነበር!"

ከዚያ በኋላ ጠያቂው እሳቸው ሆኑ። ከባሕር መልስ ጠግበው እንዲተኙ፣ ሰዓቱን እንዳያዘበራርቁ፣ በጀርባ ሳይሆን በጎን እንዲጋደሙ ነገርኋቸው፤ ሲደርቁ ያየ ሰው እጃቸውን ቢነካ ቶሎ ሊፈቱ እንደሚችሉም ጨመርሁ። ይህን የሚያውቅ ቤት እንቅልፉን አይፈራም፤ ጎረቤቱንም በሕልሙ አይወነጅልም።

ቶንካ ወደብ ላይ እየሳቀች መጣች። ጋሽ ሉክሻ ባርኔጣቸውን አውልቀው አንድም ሳያስቀሩ ነገሯት። ሳቋ ደረቀ።

"እኔ? ደረትዎ ላይ?... ለማን ለማን ተናገሩ?"

"ለቪትስኮ። ለመጠጥ ቤቱም።"

"እንግዲያው አሁኑኑ እንመለስ። እዚያው መጠጥ ቤት፣ እኔ አጠገብዎ ቆሜ ይናገሩ።"

"እሺ፣ ልጄ።"

ሁለቱ ጋሽ ሉክሻ በመጡበት መርከብ ሲሳፈሩ እጃቸውን ስለመንካት ለቶንካ ነገርኋት፤ አልፋኝ ገባች። መርከቡ ገና ገመዱን ሳይፈታ ሽማግሌው በጎናቸው ተጋድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ቶንካ ፊቷን እንደቋጠረች አጠገባቸው ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች።