ቀጣሪና ቀጠሮ

ሽማግሌው አናጢ በዚህ ዓለም የሚጠላው አንድ ደጃፍ ቢኖር ከሱቁ ፊት ለፊት ያለው የጎረቤቱ የእንጨት ሥራ ቤት ደጃፍ ነበር። ያን ቀን ግን ምስማር ገዝቶ ሲመለስ ዶፉ ወረደና መንገዱ ጎርፍ ሆነ፤ ሳይወድ በግዱ እዚያው ጣራ ሥር ተጠለለ። ዞር ቢል መምህርቷ የእህቱ ልጅ የተማሪዎቿን ደብተር በሻሿ ሸፍና ቆማለች።

«እንዴት ዋሉ፣ አጎቴ? ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«ስሚ እስቲ!» አለ በአገጩ ወደ ውስጥ እየጠቆመ። ከመጋዙ ድምፅ ጋር ሳቅ ይሰማል። «ከሚስቁት አንዱ ዝምተኛው ነው። አሥራ አንድ ዓመት እኔ ቤት ሲሠራ ጥርሱን አይቼው አላውቅም።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዝምተኛውን የሽማግሌው መጋዝ ሌባ ጣቱን ቆረጠው። ሽማግሌውም «ባለመጠንቀቅህ ነው» ብሎ አሰናበተውና በቦታው ሌላ ሰው አስገባ። ጎረቤቱ ደግሞ ቁስሉ እስኪሽር ጠብቆ በልኬትና በንድፍ ሥራ ላይ ቀጠረው። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌውን ቅናት እንደ ምስጥ ውስጥ ውስጡን በላው። ማዶ እንጨት ሲራገፍ ቆሞ ይቆጥራል፤ ደንበኛ ሲገባ ያንገሸግሸዋል። በመጨረሻም «ያ ሰውዬ የሚሠራው በእርጥብ እንጨት ነው፤ ሲደርቅ ይጣመማል» ብሎ ወሬ እስከ መንዛት ደረሰ።

«ሰረቀኝ እኮ!» አለ።

«ሰው እንዴት ይሰረቃል?»

«ጌታው እኔ ነኛ!»

«እርስዎማ ቀጣሪው ነበሩ።»

«ያው አይደለም እንዴ?»

«በፍጹም፣ አጎቴ። ጌታ የሚባለው በሰው ላይ የሚያዝ ነው። ቀጣሪ ግን ከቀጠሮ ጋር ሥሩ አንድ ነው። ሰው ሲቀጥሩ ቀጠሮ ሰጥተውታል ማለት ነው። አንዱ መጥቶ ሌላው ቢቀር ጥፋተኛው ማን ነው?»

«የቀረው ነዋ።»

«ዝምተኛው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳያጓድል መጣ። ጣቱ የተቆረጠ ዕለትስ እርስዎ የት ነበሩ?»

ሽማግሌው ወደ ሌላ ቃል ዘለለ። «ሕጉስ አሠሪ አይደል የሚለው? አሠሪ ማለት አዛዥ ነው!»

«ማሠራት ማዘዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጩኸታም ሁሉ አሠሪ በሆነ ነበር። አሠሪ ሥራው እንዲሠራ የሚያደርግ ነው፤ መሣሪያውን፣ ብርሃኑን፣ የመጋዙን መከላከያ የሚያሟላ። ያለ መከላከያ መጋዝ ፊት ሰው ማቆም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማስቆረጥ እንጂ ማሠራት አይባልም።»

ቃሉ አጥንቱ ድረስ ዘለቀ። ሰው የቀናበትን ነገር ለይቶ ካላወቀ ለቅናቱ መድኃኒት አያገኝም። ሽማግሌው እስከዚያች ሰዓት በጎረቤቱ ገበያ የቀና ይመስለው ነበር፤ ሲያንገበግበው የኖረው ግን ያ ሳቅ ነበር።

ዝናቡ ሳያባራ በሩን ገፍቶ ገባ። ሳቁ ቀጥ አለ። ጎረቤቱ ተነሥቶ በርጩማ አቀረበለት፤ እሱ ግን አልተቀመጠም።

«ጣትህ እንዴት ሆነ?» አለው ዝምተኛውን።

«ድኗል፣ ጌታዬ።»

«ጌታዬ አትበለኝ። ያን ዕለት አጠገብህ መሆን ነበረብኝ፤ ቀረሁ። ይቅር በለኝ።»

ዝምተኛው እርሳሱን አስቀመጠ። «ይቅር ብያለሁ። መመለሱ ግን አይሆንልኝም።»

«እንድትመለስ አልመጣሁም» አለ ሽማግሌው። ዋሸ፤ ለዚያም ጭምር ነበር የመጣው። ከዚያ ወደ ጎረቤቱ ዞረ። «ስለ እንጨትህ ያስወራሁትም ሐሰት ነው።»

«ካንተ እንደ ወጣ ዐውቅ ነበር» አለ ጎረቤቱ። «በል አሁን ተቀመጥ፤ በስብሰሃል።»

በማግስቱ ሽማግሌው ሠራተኞቹን ሰብስቦ «እዚህ ቤት ምን ይጎድላችኋል?» ሲል ጠየቀ። አንዱ ስለ መጋዙ፣ አንዱ ስለ ጨለማው ጥግ ተናገረ። መጋዙ መከላከያ ተበጀለት፤ ጥጉ መስኮት ተከፈተለት፤ የሥራው ሰዓትና የታመመ ሰው መብት በወረቀት ሰፍሮ ሁለቱም ወገኖች ፈረሙበት። ዓመት ሳይሞላ ትርፉ ታየ። እጁን የተጎዳ ሰው አልነበረም፤ ሥራ ጥሎ የሄደ የለም፤ ቀድሞ በሽማግሌው ቁጣ እየተደናገጡ የሚያበላሹት ጣውላ ቁም ሣጥን ሆኖ ወጣ።

አንድ ቀን ጎረቤቱ መንገዱን ተሻግሮ መጣና የመጋዙን መከላከያ ጎንበስ ብሎ መረመረው። ዙሪያውን ደጋግሞ ዳሰሰው፤ ፊቱም ቅጭም አለ።

«የእኔ እንዲህ አይደለም» አለ። «ይህን ማን አሰበልህ?»

ሽማግሌው ያን የቅናት ፊት ከራሱ ያውቀዋል። ደስታው ሊያመልጠው ሲል ከንፈሩን ነከሰ።

«የቀጠርኳቸው ሰዎች ናቸው ያሰቡት» አለ። «ና፣ እነሱን ጠይቃቸው።»