በአረቄ አወጣጥ የተያዘ ጭስ

ሞጣ ሳለሁ እንጀራዬ የተሰባበረ ሶላር ፓነል ነበር። አሉሚኒየሙን ነቅዬ ከሸጥኩ በኋላ ሽቦውን ለመልቀም ፕላስቲኩን ግቢ ውስጥ አቃጥል ነበር። አንድ ቀን አከራዬ እትዬ የሺ፣ አረቄ አውጪዋ፣ እያሳሉ መጡ። «ዛሬውኑ ልቀቅልኝ! ልትፈጀን ነው?» መሄጃ አልነበረኝም። ሊመለሱ ሲሉ ጭሱ ራሱ በእሳት ሲያያዝ አዩና ቆሙ። «አንተ ሞኝ፣ ይኼ እኮ ይነዳል! እኔ የአረቄዬን እንፋሎት ለሰማይ እሰጣለሁ?»

ፕላስቲኩን አሮጌ በርሜል ውስጥ አስከተቱኝና ክዳኑን እንደ አረቄ ማሰሯቸው በጭቃ መረጉት። ጭሱ በቱቦ ወርዶ፣ አመድ በተበጠበጠበት ውሃ አልፎ፣ በሌላ ቀጭን ቱቦ እንዲወጣ አደረጉ። «ጉሮሮ የሚከረክረውን አመዱ ይዋጠው» አሉ። ከበርሜሉ ሥር እሳት አነደድን። ውሃው ተንፈቀፈቀ፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተ።

«እትዬ፣ እንዳይፈነዳ!»

«ዕድሜዬን ሙሉ አረቄ ያወጣሁ ሴት ነኝ፤ ዞር በል!» ብለው ክብሪት ጫሩ። ቱቦው ጫፍ ላይ ጭስ የሌለው ሰማያዊ እሳት ቆመ። እንደዚያ ቀን በሰው ተደንቄ አላውቅም።

«ልቀቅ ያሉኝስ?» አልኳቸው።

«ይኼ እሳት አረቄዬን ያወጣልኛል፤ ፕላስቲኩ ሲያልቅ ትለቃለህ።»

በማግስቱ ብቸና ሄጄ ያገኘሁትን ሰባራ ፓነል ሁሉ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭኜ ተመለስኩ።