በህንዳዊቷ እናት መቁጠሪያ የሳቁት

አስጎብኚያችን የሠራውን ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል። እኔ ለቱሪስቶቹ ምግብ አብሳይ ነበርሁ። ከደባርቅ ወጥተን ሰሜን ተራሮች ውስጥ አምባራስ ሰፍረናል። አንዲት በዕድሜ የገፉ ህንዳዊት እናት ድንኳናቸው ደጃፍ ተቀምጠው፣ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ የአምላካቸውን ስም ደጋግመው ይጠራሉ። የመንደሩ ቄስ በዚያ ሲያልፉ ቆም አሉና አስጎብኚውን «ምን እያሉ ነው?» ብለው ጠየቁት። «የቀራትን መንገድ እየቆጠረች ነው አባ፤ ደክሟታል» አላቸው። በቅሎ ጫኞቹ ሳቁ። እናትየዋም የሰላምታ ሳቅ መስሏቸው አብረው ሳቁ። እኔን ያቃጠለኝ ይኼ ነው።

ድስቴን ትቼ ተነሣሁ። «ውሸቱን ነው አባ። የአምላካቸውን ስም እየጠሩ ነው። በሃይማኖታቸው ስሙን ከልቡ የጠራ ሰው እየሞተ ዳግም ከመወለድ ነፃ ይወጣል። ትናንት መንገድ ላይ ለእሱም ለእኔም ነግረውናል» አልሁ። አስጎብኚው አፈጠጠብኝ። «እንዳይከፋቸው ብዬ ነው እኮ። ቄስ ፊት የባዕድ አምላክ ስም ይነሣል?»

ቄሱ የራሳቸውን መቁጠሪያ እንደያዙ ረጋ ብለው መለሱለት። «የእሳቸውን አምላክ እኔ አላመልክም። ግን የሚሉትን ንገረኝ አልሁህ እንጂ አሳቅብኝ መቼ አልሁህ? ነገ እኔን ኪርያላይሶን ስደግም ያየ እንግዳ ቢጠይቅህስ ምን ልትለው ነው?»

መልሱን እኔ አውቀው ነበር። ባለፈው ጉዞ አስጎብኚው በእኚሁ ቄስ መቁጠሪያ ፈረንጆቹን ሲያስቅ አጠገቡ እያበሰልሁ ነበር፤ ያን ቀን ድስቴን ትቼ አልተነሣሁም።