ጩኸት የማይደርስበት ክፍል

ሰው ሁሉ ጋሽ ጥሩምባ የሚላቸው ሽማግሌ ደረጃውን ሊወርዱ ሲሉ፣ መሰላል ተሸክማ ከምትወጣው የእህታቸው ልጅ ጋር በራቸው ላይ ተገናኙ። ሽማግሌው ጡረታ እስኪወጡ በአውቶቡስ መናኸሪያ ተሳፋሪ ሲጠሩ የኖሩ ናቸው፤ ድምፃቸው ማይክሮፎን ያስንቃል። ቤቱ የሳቸው ነው። ምድር ቤቱን ለአናጺ አከራይተው እሳቸው መካከለኛው ፎቅ ላይ፣ የልጅቷ እናት የሆኑት ታላቅ እህታቸው ደግሞ ከላይ ይኖራሉ።

«ደግሞ ምን ልትሰቅዪብኝ ነው?»

«የእሳት ማስጠንቀቂያ ነዋ፣ አጎቴ። ታች ያ ሁሉ ሰጋቱራ ተከምሮ እናቴን እንዲሁ አላስተኛትም።»

«ያምናው አይበቃም? ሽንኩርት በጠበስኩ ቁጥር እየጮኸ አላስበላ ቢለኝ አፉን በካልሲ ለጎምኩት!»

ልጅቷ በተከፈተው በር ወደ ወጥ ቤቱ አየች። እውነትም ጣሪያው ላይ ቡናማ ካልሲ ተንጠልጥሏል። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናትና ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቀጠለች።

«ምርጫው ነበር የተሳሳተው። ለወጥ ቤት ሙቀት የሚለይ፣ ለደረጃና ለመኝታ ቤት ጭስ የሚለይ። ሁሉም እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ የታችኛው ከነቃ የላይኛውም ይጮኻል።»

«እኔ እያለሁ? አንዴ ‹እሳት!› ካልኩ ሰፈሩ ይነቃል። በሰው ጉሮሮ ላይ ዕቃ የሚሾም ትምህርት አልቀበልም!»

ሰው የለመደውን መተው ይከብደዋል፤ የሚኮራበትን መተው ግን ሞቱ ነው። ልጅቷ ይህን ብታውቅም ወደኋላ የምትል አልነበረችም። መሰላሉን አስቀመጠች።

«እንግዲያው እናቴን ይጥሯት። ቤቱ በእሳት እንደተያያዘ አድርገው።»

ወደ ላይ ወጡ። በሩ ክፍት ነው፤ እህትየው ጀርባቸውን ሰጥተው በስፌት መኪናቸው መጋረጃ ይሰፋሉ። ጋሽ ጥሩምባ ደረታቸውን ነፍተው «እትዬ! እሳት!» አሉ። ታች አናጺው መዶሻውን እንደያዘ ወደ መንገድ ሮጠ። ጎረቤት መስኮት ከፈተ። እህትየው ግን አልዞሩም። ደግመው ጮኹ፤ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። እህትየው ክሩን በጥርሳቸው በጠስ አድርገው ስፌታቸውን ቀጠሉ።

«ሰፈሩ ተረፈ፤ እናቴ ተቃጠለች» አለች ልጅቷ።

ሽማግሌው ደነገጡ። እህታቸው ፊት ለፊት ሲያወሯቸው ከንፈር እያዩ ስለሚመልሱ፣ ይህን ያህል ጆሯቸው መድከሙን አላወቁም ነበር። ቢሆንም እጅ አልሰጡም።

«ያንቺንስ ደወል በምን ጆሮዋ ልትሰማው?»

«ለሷ የሚብለጨለጭ መብራት አለው፤ ለእንቅልፍ ሰዓት ደግሞ ትራስ ስር የሚንቀጠቀጥ። ማስጠንቀቂያ የሚመረጠው የቤቱን ሰው አይቶ ነው እንጂ ሱቅ የተደረደረውን አይቶ አይደለም።»

ጋሽ ጥሩምባ ቆጣ ብለው «ታዲያ ምን ይገትርሻል? መሰላሉን አምጪ!» አሉና ካልሲውን ራሳቸው ሊያወርዱ ሄዱ።

ሥራው ሲያልቅ አናጺውን ደረጃው ሥር አቁመው ይሰብኩት ጀመር፤ «ስማ! ጭሱ ካንተ ዘንድ ቢነሳ ሁላችንም እኩል እንሰማለን፤ ነበልባሉ ደረጃውን ሳይዘጋ እንወጣለን። በየወሩ እየሞከርክ ባትሪውን ማየት ነው። ካልሲ ያለበሰው ከኔ ጋር ተጣላ!»

ልጅቷ የመሞከሪያውን ቁልፍ ተጫነች። ቤቱ በጩኸት ተሞላ፤ ላይኛው ፎቅም መብራቱ ተብለጨለጨ። ወዲያው እህትየው መቀሳቸውን እንደያዙ ደረጃውን እየተጣደፉ ወረዱ፤ የወንድማቸውንም ከንፈር ትክ ብለው አዩ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ፤ ስጠራሽ ነው» አሉ ጋሽ ጥሩምባ።

እህትየው ሳቁ። «ዕድሜህን ሙሉ ስትጮህ ኖረህ፣ ዛሬ ገና ሰማሁህ።»